መርዶ በሙከራ ፈቃድ

መሥሪያ ቤቴ ጉርድ ሾላ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲለኝ "የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ" እልና ወሬውን እዘጋዋለሁ። እውነተኛው መልስ ከመገናኛ እስከ አያት ይፈጃል፤ ያውም መንገዱ ከተዘጋጋ።

ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው አዲስ የዲጂታል ነገር ፈጥሮ ይመጣል። ሕጉ ግን ገና ነገሩን አያውቀውም። ድሮ ሁለት መልስ ነበረን፤ ወይ "ክልክል ነው"፣ ወይ "ሌላ ቀን ተመለስ"። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚለየው በትህትናው ብቻ ነበር። አሁን ሦስተኛ መንገድ አለ። በጥቂት ሰዎች መካከል፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ እኛ እያየነው እንዲሞክር እንፈቅድለታለን። ካስቸገረ ይቆማል። ከሠራ ደግሞ ሕጉ ከሙከራው ተምሮ ይጻፋል። ፈረንጆቹ ስሙን ሕፃናት ከሚጫወቱበት የአሸዋ ሳጥን ነው የወሰዱት። እኛ ቢሮ ቃሉን እንዳለ እንተርጉመው ሲባል፣ አንዱ ባልደረባችን የግንባታ ዕቃ የምናከፋፍል እንዳንመስል ፈራ። "የሙከራ ፈቃድ" ብለን ተገላገልን።

እዚህ የምጽፈው ስለ አንዱ የሙከራ ፈቃድ ነው። ለመጻፍ ሁለት እናቶችን አስፈቅጃለሁ። አንደኛዋ "ስሜን ካልጠራሽ ምን ቸገረኝ" አሉኝ። ሌላዋ ብዙ ቆይተው "ጻፊው" አሉ።

ፈቃዱን ልትጠይቅ የመጣችው በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ ልጅ ነበረች። ሥርዓቱን ራሷ ናት የሠራችው። አያት ኮንዶሚኒየም ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናትየው የሲግናል ሰፈር ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እሳቸው አያት ገቡ፤ እድራቸው ግን ሲግናል ቀረ። እድር እንደ ቁም ሳጥን በአይሱዙ ተጭኖ አይሄድም። ጡሩምባውም አያት ድረስ አይሰማም። አንዲት የልብ ጎረቤታቸው ሲሞቱ ሳይሰሙ ለቀብሩ ሳይደርሱ ቀሩ። ለሰልስቱ ሲሄዱ ቀና ብለው ሰው ማየት አቃታቸው።

"እናቴ እንደዚያ ስታፍር አይቼ አላውቅም" አለችኝ ልጅቷ። "ዝም ብዬ ቁጭ ማለት አልቻልኩም።"

የሠራችው ነገር ቀላል ነበር። የእድሩ ዳኛ የሟቹን ማንነት፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት በድምፁ ይቀዳል። ከዚያ ሥርዓቱ ለአባላቱ ሁሉ ባንዴ ይደውላል። ማንበብ የማይችልም፣ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘም ይሰማል። የፈለገ በአማርኛ፣ የፈለገ በኦሮምኛ ይሰማዋል። ችግሩ ግን ለብዙ ሰው ባንዴ በማሽን መደወል ያለ ፈቃድ የተከለከለ መሆኑ ነው። የሰውን ስልክ ቁጥርና የቤተሰብ ሁኔታ ሰብስቦ መያዝም የራሱ ጥያቄ አለው። ስለዚህ ወደ እኛ መጣች፤ ፋይሏም እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

ለሙከራው የተመረጠው እድር ከሲግናል ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሊጀምር ሲል ያለው ነው። የእኔም ሰፈር እዚያው ነው። እዚያ ተከራይቼ እንደምኖር ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። "ጥሩ ነዋ፣ ቀረብ ብለሽ ታዪዋለሽ" አሉኝ። ቀረብ ማለት ምን ያህል እንደሆነ እሳቸውም እኔም አልገመትንም።

የእድሩ ዳኛ በዕድሜ የገፉ፣ ድሮ እዚያው ተዳፋቱ ላይ ገብስ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። መሬቱ ቤት ሲሆን እሳቸው ብሎኬት ሻጭ ሆኑ። ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛ፣ እድር ላይ አማርኛ፣ ከነጋዴ ጋር ሲከራከሩ ሁለቱንም ይናገራሉ። የመጀመሪያው ቀን ልጅቷ ላፕቶፗን ብሎኬቱ ላይ ከፍታ እድር ምን እንደሆነ ታስረዳቸው ጀመር። "እድር ማለት ማኅበረሰቡ በሐዘን ጊዜ የሚረዳዳበት..." ስትል፣ እኔ "ለቀባሪው አረዱት" ብዬ አጉተመተምኩ። ሰምተውኝ ሳቁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"መርዶስ?"

ጥያቄው እውነተኛ ነበር። የሰው ሞት ለቅርብ ዘመዱ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ወዳጆች ተሰባስበው ይሄዳሉ፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የሚወድቀውን ደግፈው ይነግሩታል። ሰውየው ሌላ አገር ቢሆን እንኳ እዚያ ያለ ወዳጁ ይፈለግና በአካል እንዲነግረው ይደረጋል። ጡሩምባ ነፊውም መጀመሪያ በየትኛው መንደር እንደሚያልፍ፣ የትኛውን በር ሳይነፋ እንደሚያልፍ ያውቃል። ማሽን ግን ይህን ከየት ይወቅ?

ልጅቷ አስባበት ነበር። ለሟቹ የቅርብ ዘመዶች እንዳይደወል ዳኛው ስልካቸውን ያግዳሉ። ሌላው ሁሉ ሲሰማ እነሱ አይሰሙም። ሁላችንም ደስ አለን። እኔ ግን ሥራዬ መጠራጠር ነው። አንድ የእድር ዳኛ የተጣላውን ሰው ከቀብር አስቀርቶ በሰፈሩ ፊት ሊያዋርደው ቢፈልግ፣ ስልኩን ማገድ ይበቃዋል። ስለዚህ ደንብ ጻፍኩ። የሚታገድ ስልክ ሁሉ ባለቤቱ ለሟቹ ምኑ እንደሆነ ይገለጽ፤ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ እህት እየተባለ። የሟቹ ቤት ተወካይ ዝርዝሩን በስልኩ አይቶ ያጽድቅ። ከጸደቀ በኋላ ሰዓቱንም ዝርዝሩንም ማንም አይንካ፤ ሥርዓቱን የሠራችው ልጅ ራሷም ብትሆን። "ሌላ" የሚል ምርጫ ይግባ ሲሉኝ እምቢ አልኩ። "ሌላ" የሚባል ቀዳዳ ካለ ሁሉም ሰው በእሱ ያልፋል። ኃላፊያችን ስብሰባ ላይ ደንቡን ለሌሎች ሙከራዎች አርአያ አድርገው አቀረቡት። ጥሩ ደንብ ነበር። ዛሬም በሌላ ጉዳይ ላይ ብጽፈው አላፍርበትም።

ሙከራው ሠራ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰፈሩ ውስጥ ሐዘን በደረሰ ቁጥር ከአያት፣ ከኮዬ፣ ከቦሌ አራብሳ የሚመጡ የድሮ ጎረቤቶች ድንኳኑ ሳይተከል ይደርሱ ጀመር። ጡሩምባ ነፊውም አልተሰናበተም። ዳኛው "ስልኩ በጆሮ ይሰማል፣ ጡሩምባው ግን ሆድ ድረስ ይሰማናል" ብለው አቆዩት፤ እኔም ሪፖርቴ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፈው ስላላወቅኩ ሳልጽፈው ቀረሁ።

አሁን ስለ ግቢያችን ልናገር።

የምኖረው አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው። እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ሰፈሩ ከመምጣቱ በፊት የነበሩ ሰው ናቸው። የግቢው አጥር ጥግ ያለችውን የጎመን መደብ ዛሬም ራሳቸው ይኮተኩቷታል። ተከራይ ሆኜ በገባሁ በዓመቱ ገደማ፣ የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ ሰው አልፎ አልፎ ግቢውን እየገባ ሰላም ሲላቸው አየሁ። ከመቂ መስመር ሲመለስ ሽንኩርትና ቲማቲም ያወርድላቸዋል። እሱ "እቴቴ" ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በስሙ አይጠሩትም። ዘመድ መስሎኝ አንዷን ጎረቤት ማን እንደሆነ ብጠይቃት ግራ ቀኝ አይታ ነገረችኝ።

የወለዱት እሳቸው ናቸው። ከሁሉም ልጆቻቸው መጨረሻ የተወለደው እሱ ነው። ከላይ በኩል፣ ከጫካው አጥር ሥር የሚኖሩት ጓደኛቸው ብዙ ዘመን ልጅ አጥተው ሲያለቅሱ ኖረው፣ ልጁ ጡት ሲጥል በጉዲፈቻ ሰጧቸው። በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ያሳዳጊው ነው። የወለደችው "የእኔ ነበር" አትልም፤ ያሳደገችውም "አልወለድሽውም" ተብላ አታፍርም። ሰፈሩም ነገሩን አያነሳም። የአደባባይ ምስጢር ነው፤ ግን እንዴት ያለ አደባባይ! ይህን ሁሉ ዓመት በሁለቱ እናቶች ፊት ከአንድ ሰው አፍ እንኳ አላመለጠም።

እማማ ልጁን ከሌሎቹ ልጆቻቸው የበለጠ ነበር የሚርቁት። ሌሎቹን አንገታቸውን አቅፈው አገላብጠው ይስማሉ። እሱን ግን እንደ ማንም እንግዳ እጁን ጨብጠው "በል ግባ" ነው የሚሉት። ሲሄድ ግን የመኪናው ድምፅ ከታች አስፋልቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ይቆማሉ። ሁለቱ እናቶችም አይጣሉም፣ አይቀራረቡም። በዓል ሲሆን ይጠያየቃሉ፤ ሐዘን ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስለ ልጁ ሲያወሩ የሰማ የለም። ሆድ ይፍጀው ብለውታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሆኜ ዳኛው ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ አለሽ?"

"አለሁ አባባ።"

"ያ ሹፌሩ አረፈ። መኪናው ተገልብጦ ነው። አስከሬኑ ማታ ይገባል።"

ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ነበር፤ እንዲያውም በመጣ ቁጥር የእኔን ቢሮ ሰዎች "ክልክል ነው ባዮች" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

"ለእናቱ ነገ ጎህ ሲቀድ እናረዳለን" ብለው ቀጠሉ። "ስልኩ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ለአባላቱ ይደውላል። እሷን፣ ወንድሟን፣ የወንድሟን ልጆች አግጃለሁ። ወንድሟ ሰምቷል፤ የቤቱ ተወካይ እሱ ነው። አይቶ አጽድቋል።"

"እማማስ?" አልኩ።

ከጀርባቸው ብሎኬት የሚያራግፉ ሰዎች ድምፅ ይሰማኛል።

"እማማ ምኑ ናቸው ብዬ ልሙላ?" አሉ በመጨረሻ።

"አባባ፣ እርስዎ ያውቃሉ።"

"እኔማ አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ። ስልኩ ግን ምኑ ናቸው ብሎ ይጠይቀኛል። እናት ልበላት? ያሳደገችው ቁጭ ብላ? ወንድሟ ነው እኮ የሚያየው። እሱ አይቶ ለሚስቱ፣ ሚስቱ ለሰፈሩ። ይህን ሁሉ ዘመን ያላነሳነውን በልጁ ሬሳ ላይ ላንሳው?"

"እህት ይበሉ፤ አክስት ይበሉ።"

"በሬሳ ላይ አልዋሽም" አሉ። "ሳላግዳት ተውኳትና ዝርዝሩን ዘጋሁት። አንቺ እዚያው ግቢ ስለሆንሽ ነው የደወልኩት።"

ሌላ አገር ቢሆን ሰውየው "አክስት" የሚለውን ተጭኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። እሳቸው ግን በአንድ በኩል ይሉኝታ፣ በሌላ በኩል እውነት ይዟቸው፣ መሃል ላይ እማማን ለማሽኑ ጥለው ወጡ። ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። እኔስ በእሳቸው ቦታ ብሆን የቱን እጫን ነበር?

"ድሮ እንዴት ታደርጉ ነበር?" አልኳቸው።

"ድሮማ ጡሩምባ ነፊው በዚያ በኩል አያልፍም። አንዲት ሴት እልክና 'ነይ ወደ ላይ እንውጣ' ትላታለች። መንገድ ላይ ትነግራታለች። ማንም ምንም አይልም።"

"አሁንም ይላኩ።"

"መጀመሪያ ያሳደገችው መስማት አለባት። ከእሷ በፊት ለዚያችኛዋ ብነግር ምን እባላለሁ? ከእሷ በኋላ ልላክ ብል ደግሞ ስልኩ ይቀድመኛል።"

እውነታቸውን ነበር። በማለዳዋ በዚያች ጠባብ ሰዓት ውስጥ፣ እማማ የወለዱት ልጅ መሞቱን ከተቀዳ ድምፅ ሊሰሙ ነው። ያውም "የእነ እገሊት ልጅ" ተብሎ፣ ለቀብር እንዲደርሱ እየተጠሩ።

ለልጅቷ ደወልኩላት። ቁጥሩን በአንድ ደቂቃ ማውጣት እንደምትችል ነገረችኝ። "ግን መንካቴ ይመዘገባል። በጽሑፍ ካላዘዛችሁኝ ፈቃዴ ይሰረዛል። አንቺ ነሽ እኮ የጻፍሽው" አለች፤ ለመውቀስ አልነበረም፤ ነገሩ እንደዚያው ስለሆነ ነው። ትንሽ ቆይታ "ሴትዮዋ ምኑ ናት?" ብላ ጠየቀች።

"ልነግርሽ አልችልም።"

"ኦኬ፤ አልጠይቅም" አለች።

ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ የሚሉትን ከማለታቸው በፊት ያስባሉ። "ምክንያቱን ንገሪኝና አሁኑኑ እፈርማለሁ" አሉኝ። ምክንያቱን መናገር እንደማልችል ነገርኳቸው። "ታዲያ ያለ ምክንያት ለአንድ ቁጥር ብለን ደንብ ከጣስን ነገ ሌላው ሲመጣ ምን ብለን እምቢ እንላለን?" አሉ። እኔ ራሴ እንደዚያ ነበር የምለው። እውነታቸውን መሆኑ ራሱ አናደደኝ። ልነግራቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ሰፈር ሙሉ አፉን ይዞ ያኖረውን ነገር፣ ትናንት የገባሁ ተከራይ ለቢሮ ልዘርዝረው? አመስግኜ ወጣሁ።

የቢሮውን ነገር እዚሁ ልጨርሰው፤ ወደ ማለዳው ከገባሁ በኋላ መመለስ አልፈልግም። ከሐዘኑ ሳምንታት በኋላ "ምኑ ነው" የሚለው ጥያቄ ከደንቡ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረብኩ። ዳኛው ያግዳሉ፤ ለምን እንዳገዱ አይጠየቁም። ያለ አግባብ ታግጃለሁ የሚል ካለ በኋላ አቤት ይላል። ኃላፊያችን አንብበው "ለምን እንደታገደ በምን እናውቃለን?" አሉኝ። "አናውቅም" አልኳቸው። ብዕራቸውን አንስተው ፈረሙ። ልጅቷ አሁን ሙሉ ፈቃድ አግኝታ ከብዙ እድሮች ጋር ትሠራለች። ሙከራ የሚባለው ነገር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱ አገር ሳያዳርስ አንድ ሰፈር ላይ ይገኛል። ለዚያ ሰፈር ሰው ግን ይህ የሚያጽናና ነገር አይደለም።

በዚያ ቀን አመሻሹ ላይ ወደ ግቢ ስገባ እማማ ጎመናቸውን ውሃ ያጠጡ ነበር። ቤታቸው ያለው ሶኬት ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስልካቸውን ቻርጅ የማደርግላቸው እኔ ነኝ። "ስልክዎን ልሰካልዎት" አልኳቸው። "ገና አልጨረሰም" አሉ። "ነገ መብራት ይጠፋል እያሉ ነው" አልኩና ተቀበልኳቸው። ውሸቴ ቶሎ መጣልኝ፤ እሳቸውም አመኑኝ። "ያ ልጅ ዛሬ መንገድ ላይ ነው" አሉ ጣሳውን እያራገፉ፤ "ደርሶ እንደሆነ ነገ በጠዋት እደውልለታለሁ።"

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁት። ስልኩን መደበቅ ቀላሉ ነገር መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። ማሽኑን አስቀረሁት እንበል፤ ታዲያ ማን ይነግራቸዋል? እኔ? ከየት የመጣሁ ነኝ? በየትኛው ዝምድናዬ ነው አጠገባቸው ቁጭ ብዬ "ልጅዎ" የምለው? ቃሉን እዚያ ሰፈር ውስጥ ማንም ፊታቸው አልተናገረውም። ሽማግሌዎቹም ቢመጡ፣ ወደዚያ ግቢ መርዶ ይዞ መግባት በራሱ "እናቱ እሷ ናት" ብሎ በጡሩምባ ማስነፋት ነው።

ሲነጋጋ እንጦጦ ላይ ጭጋግ ነበር። ልብሴን ለብሼ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ከላይ በኩል፣ ከጫካው አጥር አቅጣጫ፣ የሴት ጩኸት ተሰማ፤ ከርቀቱ የተነሳ የማን እንደሆነ አይለይም። ቆየት ብሎ በሬ ተንኳኳ።

"ልጄ፣ ተነሳሽ? ስልኬን ስጪኝ እስቲ" አሉ እማማ።

ስልኩ እጄ ላይ ነው። ከፈትኩላቸው። ጋቢያቸውን ደርበዋል።

"ቆይ እማማ፣ ገና አልሞላም።"

"ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ?"

"ሶኬቱ... ላላ ብሎ ነው።"

አዩኝ። ውሸት አያምርብኝም። "ላይ የሚጮኸው ማን ቤት ነው?" አሉ።

"እንጃ" አልኩ። እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። ሊደውሉለት ነው። ደውለው ስልኩን የሚያነሳ ሲያጡ፣ ወይም አንድ ባዕድ ሰው ሲያነሳው ታየኝ። ከዚያ የማሽኑ ጥሪ ይገባል። የማደርገው ጠፍቶኝ ስልኩን ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አንዲት አሮጊት ፊት ስልኳን ኪሴ ውስጥ ደብቄ ቆምኩ። እሳቸውም እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

የግቢው በር ተንኳኳ።

የከፈትኩት እኔ ነኝ። ያሳደጉት እናት ናቸው። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል፤ ቁልቁለቱን በዚያ ዕድሜ እንዴት እንደወረዱት አላውቅም። ከኋላቸው፣ መንገዱ መታጠፊያ ላይ፣ ዳኛውና ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። መቅረብ አልደፈሩም። አሳዳጊዋ እኔን አላዩኝም። ዓይናቸው እማማ ላይ ነበር።

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። በማለዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣች ሴት ምን ይዛ እንደመጣች ማንም ያውቃል። እማማም አዩት። ግን አልጮኹም። ደረታቸውን አልመቱም። ሌላዋ እናት ቆመው ሳለ ቀድመው መጮኽ የሚችሉ አልመሰላቸውም። ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው፣ የሚባለውን ለመስማት ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐዘን አይቻለሁ። ያንን አቋቋማቸውን ግን መርሳት አልቻልኩም።

አሳዳጊዋ ግቢውን አቋርጠው ፊታቸው ደረሱ። በኦሮምኛ ነበር የተናገሩት። ሰፈሩ ያስተማረኝ ጥቂት ኦሮምኛ ለዚያ በቃኝ።

"ልጅሽ ሞተብን" አሏቸው።

እማማ የወደቁት ያኔ ነው። ሌላዋ ሊይዟቸው ሲሞክሩ አብረው ወረዱ፤ ጎመኑ መደብ ጥግ፣ እርጥቡ መሬት ላይ። እማማ የልጁን ስም ጠሩት። ከእሳቸው አፍ ስሙን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ደጋግመው ጠሩት፤ አሳዳጊዋም አብረው ይጠሩት ጀመር። ዳኛው መንገዱ ላይ እንደቆሙ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔም አለቀስኩ።

ማታ ማጥፋቱ ትዝ ሳይለኝ ያደረው ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። አስራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ሮጬ ከቤቱ ጀርባ ዞርኩና አጠፋሁት። ከታች፣ ከየቤቱ፣ የሌሎች ሰዎች ስልክ ሲጮህ ይሰማኛል። ሥርዓቱ በትክክል ይሠራ ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ልቅሶው ትንሽ ጋብ ብሏል። ሁለቱ መሬቱ ላይ ተደጋግፈው ተቀምጠዋል። እማማ የጓደኛቸውን ጭቃማ እግር በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

"አንቺስ?" አሉ። "ላንቺ ማን ነገረሽ? ሰው ነበረሽ?"

"እኔ ሰው ነበረኝ" አሉ አሳዳጊዋ። "ቤቱ ሙሉ ነው። ተነስቼ 'ለእሷስ ማን ነገራት?' ብል ሁሉም አቀረቀረ። ሰው የለሽም ብዬ ነው የመጣሁት።"